ለቀቅኩላት

የመኪና እሽቅድምድም መጫወቻው አዳራሽ ውስጥ ማንም ሰው እናት አባቱ ባወጡለት ስም አይጠራም። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ቅጽል ስም ቀስ በቀስ ሰውየውን ይውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያገኙትም በዚያው ነው የሚጠሩት። አንዱ ወጣት ጎማ ቤት ስለሚሠራ "ጎሚስታው" ሆነ። አንዲት ልጅ ደግሞ "ዝምታ" ተባለች። ሌላው በየኩርባው ሲሳደብ፣ ሲምልና ሲገዘት፣ እሷ መሪውን ከጨበጠች ብትገጭም ብትቀድምም ትንፍሽ አትልም። መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹ "ዝምታ ወርቅ ነው" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። አንድ በአንድ ከቀደመቻቸው በኋላ ግን ቀልዱ ጣዕም አጣባቸው።

አዳራሹ የገበያ ሕንጻ አናት ላይ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። መስኮቶቹ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል። ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሲሙሌተሮች ልክ እንደ ውድድር መኪና ሰውነትን ጨምድዶ የሚይዝ ወንበር፣ እግር የሚያዝል ደረቅ ፍሬን፣ መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ክንድ የሚያንገጫግጭ መሪ አላቸው። "የጎደላቸው ጎማና ሞት ብቻ ነው" ይሉ ነበር የአዳራሹ ባለቤት። እሳቸውን ሁሉም "አለቃ" ነው የሚላቸው፤ በወጣትነታቸው እሽቅድምድም ተመኝተው ሳይሆንላቸው የቀረ፣ አሁን በሰዓት ሕልም የሚያከራዩ ቀልደኛ ሰው ናቸው።

ጎሚስታው እዚያ ቤት የገባው ለመጫወት አልነበረም። የሚያልመው አንድ ቀን የእውነት መኪና፣ የእውነት የውድድር መም ላይ ለመንዳት ነው። ልብስ ሰፊዋ እናቱ ልጇ ከሥራ እንደወጣ ወዴት እንደሚበር ስለምታውቅ "የሌለ መኪና እየነዳህ የሌለ አገር ትደርሳለህ" እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል።

መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ ነበር። ኩርባ በደረሰ ቁጥር ይደነግጣል፣ ፍሬኑን ይደፍቀዋል፣ መኪናው ይሽከረከራል። አንድ ቀን ከጎኑ የተቀመጠችው ዝምታ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወረደችና ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅዋን አወጣች።

"ዐይንህ ቅርብ ነው።"

"የምን ዐይን?"

"ኩርባው ውስጥ ሆነህ ኩርባውን ታያለህ። መውጫውን እይ። እጅህ ዐይንህን ተከትሎ ይሄዳል።"

እንዳለችው አደረገ። መኪናው የማያውቀው እጅ የመራው ይመስል ሸርተት ብሎ ከኩርባው ወጣ። ዞር ሲል ታየዋለች። ፈገግታዋ ከከንፈሯ ሳይሆን ከዐይኗ ነበር የጀመረው። እሱም መውጫውን ትቶ እሷን ሲያይ መኪናው ሄዶ ግድግዳ ላይ ተላተመ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫቸው ጎን ለጎን ሆነ። እሷ ፍሬን አለቃቀቅ አስተማረችው፤ ባንዴ ሳይሆን፣ መኪናው እየታጠፈ በሄደ መጠን፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው ቀስ አድርጎ። እሱ ደግሞ ስለ ጎማ አስተማራት። ያለቀ ጎማ እስከ ሕንጻው አናት ተሸክሞ ሲመጣ አለቃ "ይኼ ደግሞ ለመቀመጫ ነው?" ብለው ሳቁበት። እሱ ግን መዳፏን ይዞ ጎማው ላይ አሳረፈው።

"ጎማ ከመክዳቱ በፊት ይናገራል" አላት። "ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል። ሳያስጠነቅቅ የሚከዳ ሰው ብቻ ነው።"

ተናግሮ ሲጨርስ እጁን ከእጇ ላይ አላነሳም። እሷም አንሳ አላለችውም።

የሚለያያቸውን ሁለቱም ያውቁታል። የእሷ አባት የሆቴሎች ባለቤት ናቸው። ወደ አዳራሹ የምትመጣው በመኪና የኋላ ወንበር ተቀምጣ ነው፤ ሾፌሩ ታች ቆሞ ይጠብቃታል። ያንን ሁሉ ወንድ የምትቀድም ልጅ አባቷ ቤት የመኪና ቁልፍ ጨብጣ አታውቅም። "መንዳት የቅጥረኛ ሥራ ነው" ይላሉ አባትየው። አንድ የእሽቅድምድም ቡድን ከሲሙሌተር ነጂዎች መካከል አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መርጦ በእውነተኛ መኪና ሊያሠለጥን መሆኑ ሲሰማ ግን ለምና፣ አልቅሳ፣ አኩርፋ አንድ ቃል አስገባቻቸው። ካሸነፈች አይከለክሏትም። ከተሸነፈች ባሕር ማዶ አክስቷ ዘንድ ሄዳ የሆቴል አስተዳደር ትማራለች፤ የመሪ ወሬም በዚያው ያከትማል።

ለፍጻሜ የደረሱት እሱና እሷ ሆኑ።

"እንዳትራሪልኝ" አላት ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት።

ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ቡድኑ የላካት አሠልጣኝ፣ ንግግር የማታበዛ ባለ አጭር ጸጉር ሴት፣ ከኋላቸው ቆማ ታይ ነበር። እስከ መጨረሻው ዙር የመራው እሱ ነው። ከረዥሙ ቀጥታ መንገድ በኋላ ድንገት ወደ ግራ የሚሰበር ኩርባ አለ። ዝምታ በመስታወቱ ውስጥ እየተጠጋች መጣች። እሱ ፍሬኑን ከመቼውም ይልቅ አዘግይቶ ረገጠ፤ ያለውን ሁሉ አወጣ፤ ምንም አላስቀረም። ብቻ ፍርሃት ቢጤ ሽው አለበትና መሪውን ትንሽ ቀድሞ ሰበረው። ቀድሞ የታጠፈ መኪና ሲወጣ ይሰፋል። እሷ ታግሳ ስትጠብቅ የነበረችው ይህቺኑ ነው፤ ከውስጥ በኩል ባገኘችው ክፍተት ገብታ ጥላው ሄደች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሷ ማዳመጫዋን አውልቃ ከሰው ሁሉ አስቀድማ ወደ እሱ ዞረች። ዐይኗ ደህና መሆኑን ይጠይቀው ነበር። ከማንም አብልጦ ያጨበጨበው እሱ ነው፤ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ። ውስጡ ግን አመድ ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ ጓደኛው ቀጮ ከሌሎች ልጆች ጋር ሆኖ ጠበቀው።

"አንተ ሰውዬ፣ በኋላ ወንበር የምትሄድ ሴት በላችህ?"

ልጆቹ ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ በማግሥቱ የሚረሳ ሳቅ ነው። እሱ ግን እስከ ማግሥቱ መቆየት አልቻለም።

"ለቀቅኩላት" አለ።

"ምን?"

"እግሬን አነሳሁላት። ከተሸነፈች አባቷ ሊልኳት አይደል? ምን ላድርግ ታዲያ።"

ውሸቱ ምክንያቱን ይዞ፣ ለብሶና አምሮበት ነበር ከአፉ የወጣው፤ ራሱንም ገረመው።  ቀጮ ትከሻውን አቀፈውና "አንተ ሰው ነህ" አለው፤ ድምፁ ሳይቀር ተለወጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል። ጎሚስታው አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ሲገባው፣ ያቺ መራራ ሽንፈት ምላሱ ላይ እንደ ማር ስትጣፍጥ ነው የተሰማው።

*

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው እያላቀቀ ሳለ ጥላ አረፈበት። ዝምታ ናት። እዚያ መጥታ አታውቅም። ንጹሕ ጫማዋ ዘይት ጠግቦ የጠቆረው መሬት ላይ እንደቆመ አየና ወዲያው አዘነላት።

"እውነት ነው?" አለችው።

"ምኑ?"

"ሾፌራችን ሳይቀር ሰምቷል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እግርህን አንስተህልኛል?"

እውነቱን ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር። "ኧረ ቀልድ ነው፤ ቀምተሽ ነው የወሰድሽው" ሊላት ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ቀና ብሎ ዐይኗን አየ። ተቆጥታ የመጣች መስሎት ነበር። አልተቆጣችም። ዐይኗ እንባ አቅርሯል፤ በእንባው ውስጥም ማንም እሱን አይቶት በማያውቅበት አስተያየት ታየዋለች።

"አባቴ የሚሰጠኝ የተረፈውን ነው" አለች። "በሕይወቴ ማንም ሰው አንድ ብቻ ያለውን ነገር ሰጥቶኝ አያውቅም። ያንተ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ንገረኝ፤ አደረግከው?"

የአየር መሙያው ሞተር ከኋላቸው ይጮኻል። የጎማ ቤቱ ጌታ ሥራ ፈትቶ ያያቸዋል። 

"አደረግኩት።"

"'እንዳትራሪልኝ' ብለኸኝ አልነበር?"

"እንዳትራሪልኝ አልኩ እንጂ አልራራልሽም ብዬ ቃል አልገባሁም።"

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ሰውን ብልህ ያደርጋል። ዝምታ ግራሶ በጠገበው ቱታው ላይ ግንባሯን አሳርፋ አለቀሰች። የቆሸሸ እጁን ወደ ጀርባዋ ለመስደድ ፈርቶ አየር ላይ አንጠልጥሎት ቀረ። እንደዚያ ቀን ተወድዶ አያውቅም። እንደዚያ ቀንም የሰው ልብስ ለብሶ "አማረብህ" እንደተባለ ሌባ አፍሮ አያውቅም። ሁለቱ ስሜቶች ደረቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

*

ጥቂት ቀናት ቆይታ የሕንጻው ጣሪያ ላይ ወዳለው መኪና ማቆሚያ ጠራችው። ሾፌሯን ውሃ ግዛልኝ ብላ ልካዋለች። ነፋሱ ጸጉሯን ፊቷ ላይ ይበትነዋል፤ ፊቷ ግን ፈክቷል።

"አሠልጣኟ ዘንድ ሄጄ ነበር" አለች። "ቦታው ያንተ ነው አልኳት።"

"ምን አልሽ?"

"ሰው የለቀቀልኝን ቦታ ይዤ መንዳት አልችልም። በየኩርባው እግርህ ይታየኛል። 'ከእኔ ይበልጣል፣ ያሸነፍኩት ራርቶልኝ ነው' አልኳት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ነገ ትደውልልሃለች።"

 "አባትሽስ?" አለ ጎሚስታው።

"ግንባሬን ሳመኝ።" ሳቅ ብላ ዞር አለች። "እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ተሸንፌያለሁ ስለው ግንባሬን ሳመኝ።"

ይኼኔ ነበር መናገር። እውነቱ አንድ ትንፋሽ ብቻ ይፈልግ ነበር። ሆኖም "ነገ ትደውልልሃለች" የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ገብታ ሥር መስደድ ጀምራ ነበር። መኪናውን በዐይነ ሕሊናው አየው። የእውነቱን፣ ጎማ ያለውን። የነዳጅ ሽታው ሁሉ መጣበት። ዛሬ ልንገራት ወይስ ነገ እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት እሷ ቀደመችው።

"ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው" አለች። "ከዚያ እመጣለሁ። አንተ መኪናው ውስጥ፣ እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜ። ትጠብቀኛለህ?"

"እጠብቅሻለሁ።"

ይህቺ እንኳ እውነት ነበረች። ከውሸቱ ጎን ስትቆም ግን እሷም ቀለሟን ለቀቀች። ዝምታ እጁን ይዛ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። ልጅቷ ያላትን ሁሉ ሰጥታ እንዲያ ቀልሏት ስታይ፣ ሁሉን የተቀበለው እሱ እግሩ መሬት ውስጥ የሚሰምጥ መሰለው።

እናቱ ወሬውን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "የማን ልጅ ናት? ምን ዓይነት እናት ወለደቻት?" እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰች። የጎማ ቤቱ ጌታ በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሮ፣ ስሞ አሰናበተው። ሥልጠናው ተጀመረ። የእውነት መኪና ከሲሙሌተር እንደሚከብድ፣ አንገት እንደሚሰብር፣ ሙቀቱ ዐይን እንደሚያጠፋ አወቀ፤ አወቀና ወደደው።

አንዳንድ ቀን ስልኩን ያወጣና "አልለቀቅኩልሽም። በንጹሕ ነው ያሸነፍሽኝ" ብሎ ይጽፋል። ጽፎ ያየዋል። ከዚያ ፊደል በፊደል ያጠፋውና በምትኩ "ናፍቀሽኛል" ብሎ ይልካል። እሷም ወዲያው ትመልሳለች፦ "እኔም። ዛሬ ምን አሳዩህ? አንዷንም ሳታስቀር ንገረኝ።"

ሳያስቀር ይነግራታል። ፍሬኑ ሲግል እንዴት እንደሚሸት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን እንዴት እንደሚንሸራተት፣ ሞተሩ ጀርባ ላይ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ። የተራበ ሰው ሌላው የበላውን ሲያወሩለት እንደሚሰማ ትሰማው ነበር፤ አንዴም አልቀናችም። እሱን የቀጣው ይኸው አለመቅናቷ ነው።

*

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ወደ አዳራሹ ና አለችው። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ማንም የለም። አለቃ ሁለቱን ሲሙሌተሮች አብርተው፣ "እኔ ደጅ ልቀመጥ፤ ሽማግሌ የፍቅረኞች ስንብት አያይም" ብለው ወጡ።

"አንድ ጊዜ ብቻ እንወዳደር" አለች ዝምታ። "በዚያችው መም። አሁን ግን እንዳትለቅልኝ። ከመሄዴ በፊት ሙሉህን ልየው።"

ደስ አለው። ደስታው ራሱን አሳፈረው። እሷ ከፍጻሜው ወዲህ መሪ አልነካችም፤ እሱ የእውነት መኪና ሲነዳ ነው የከረመው። ዛሬ ካሸነፋት ውሸቱ እውነት ሊሆን ነው። ሳይናዘዝ ሊነጻ ነው። ቆልፎ የሚጥለው ጉዳይ ሊሆን ነው።

ነዳ። በሕይወቱ እንደዚያ ነድቶ አያውቅም። ዐይኑን ሩቅ ጥሎ፣ ፍሬኑን እንዳስተማረችው ቀስ እያደረገ እየለቀቀ፣ ከዙር ዙር እየፈጠነ። እሷ ከኋላው አለች፤ አትጮኽም፣ አትቸኩልም። የመጨረሻው ዙር ላይ ረዥሙን ቀጥታ መንገድ እየመራ ወጣ። የግራው ኩርባ መጣ። መስታወቱ ውስጥ አያት። አትደንግጥ አለ ለራሱ። ፍሬኑን አዘገየው። በልኩ ነበር፣ የሚያምር ነበር። ብቻ ትከሻው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ መሪውም እጁ ውስጥ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ቀድሞ ተሰበረ።

በውስጥ በኩል አልፋው ሄደች።

ስክሪኖቹ ላይ ምስሉ ቆመ። ዝምታ ማዳመጫዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ለረዥም ጊዜ ወደ እሱ አልዞረችም። ስትዞር ፊቷ ላይ ያሸናፊ ደስታ አልነበረም። የሆነ ነገር ቤት ውስጥ ጠፍቶባት ፈልጋ ፈልጋ፣ በገዛ ዐይኗ ሥር ያገኘችው ትመስል ነበር።

"ያን ቀንም እንዲሁ ነው የታጠፍከው" አለች ቀስ ብላ። "ስትፈራ ትከሻህ ይነሳል፣ ቀድመህ ትታጠፋለህ። የማውቀው ነው፤ ቦታውን ጠብቄ የገባሁት በእሱ ነው። የለቀቀ ሰው ይከፍታል እንጂ አይሳሳትም። አንተ ተሳስተህ ነበር።"

"ዛሬ እኮ መሪው ስለከበደኝ…"

"ተው።"

ተወ።

"በንጹሕ አሸንፌህ ነበር አይደል?"

መጋረጃው ጥግ በኩል በተከፈተች ስንጥቅ የቀን ብርሃን ገብቶ በመካከላቸው ወለሉን ሰንጥቆታል። ጎሚስታው እዚያች ብርሃን ላይ አፍጥጦ "አዎ" አለ።

"ለምን?"

"ልጆቹ ሳቁብኝ።"

"ልጆቹ ሳቁብህ" ብላ ደገመችው፤ ቃሉ የሌላ አገር ቋንቋ የሆነባት ትመስላለች። "እሺ፣ ለእነሱ እዚያው ኮሪደር ላይ ዋሽ። ለእኔስ? ጎማ ቤቱ ውስጥ አፍጥጬ ጠይቄህ?"

"እንደዚያ አይተሽኝ አታውቂም ነበር። አስተያየትሽን ፈለግኩት። እውነቱን ብነግርሽ መልሰሽ የምትወስጂብኝ መሰለኝ።"

 የመጀመሪያዋ እንባ ስትወርድ አልጠረገቻትም።

"ሞኝ ነህ" አለችው። "ወደ ጎማ ቤቱ እኮ ወሬውን ሳልሰማም ልመጣ ለብሼ ነበር። ያን ቀን ጠዋት 'ተሸንፎ ከፍቶታል፣ ሄጄ እንደምወደው ልንገረው' ብዬ ነው ከቤት የተነሳሁት። ሾፌሩ ወሬውን መንገድ ላይ ነው የነገረኝ። እወድህ ነበር። ተሸንፈህ እወድህ ነበር። ያ ውሸት ያልነበረህን ነገር አልሰጠህም። የነበረኝን ብቻ ነው የወሰደብኝ።"

ቃሉ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ከወንበሩ ወጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

"እነግራቸዋለሁ። ለአሠልጣኟ እነግራታለሁ። ቦታሽን ትመልስልሻለች።"

"መቼ?"

"አሁን።"

"ደውልላት" አለች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የከፋ፣ ትንሽ ተስፋ ነበረ። "እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? በገዛ አፌ ከእኔ ይበልጣል ብያለሁ። አንተ ከተናገርክ ግን አባቴም ቃሉን ያከብራል፤ እሱ ቃሉን አይበላም። ነገ ነው የምበረው። ደውል።"

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የአሠልጣኟን ስም አገኘው። አውራ ጣቱን ስሙ ላይ ሊያሳርፍ አስጠጋ።

እናቱ ታየችው፣ በር በር እየዞረች ስታወራ። ቱታው ታየው፣ አዲሱ፣ ደረቱ ላይ የቡድኑ ምልክት ያለበት። ጎማ ቤቱ ታየው፤ በቦታው የተቀጠረው ሰው ጎንበስ ብሎ ሲሠራ። የሞተሩ ንዝረት ጀርባው ላይ መጣበት። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር። ጣቱ ከመስታወቱ በላይ፣ የቅጠል ውፍረት በምታህል ርቀት ላይ ቆመ። ቆመ። እሷም አየችው። ሁለቱም ያችን ጣት እያዩ ቆዩ።

የስልኩ መብራት በራሱ ጠፋ።

ጎሚስታው ቀና ማለት አቃተው። ዝምታ በእርጋታ ተነሳች፤ ልብሷን አስተካከለች። ሲያለቅስ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር፤ ልትነካው እጇን ሰድዳ ነበር፣ መለሰችው።

"ገባኝ" አለች። "የማላውቀው ስሜት አይደለም። እኔም እንደዚያ ነበር የምፈልገው።"

በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ ሳትዞር ተናገረች፤ ድምፅዋ እንደ መጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነበር።

"እንግዲያው ፈጣን ሁን። ቢያንስ ፈጣን ሁን።"

እርምጃዋ ከደረጃው ላይ እየራቀ ሄደ። እሱ እዚያው ተንበርክኮ፣ ብትረግመው፣ ብትመታው፣ ፊቱ ላይ ብትተፋ ምን ነበረ ሲል ተመኘ። እርግማን ይሻገሩታል። እንዲህ ያለውን ምርቃት ግን ተሸክሞ ከመኖር በቀር መውጫ የለውም።

*

ይህን የሚያነብ ሰው "ፈራጅ አለ፤ ይገለበጣል፤ ይባረራል" ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አልተገለበጠም። አልተባረረም። ጎሚስታው ደህና ነጂ ወጣው። ድንቅ አይደለም፣ ደህና ነው። አሠልጣኟ ንግግር ስለማታበዛ አንድ ቀን "ትሆናለህ" አለችው፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ግን ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ፣ "ያቺ ልጅ ብትቀጥል የት ትደርስ እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ" አለች፤ ሰዓቷን አይታም ወደ ሥራዋ ሄደች።

በውድድር ሦስተኛ የወጣ ዕለት የሰፈሩ ሰው መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ቀጮ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ለሰው ሁሉ "ይኼ ልጅ እኮ ቦታውን ለቆላት፣ እሷ መልሳ የሰጠችው ነው" እያለ ሲያወራ ዋለ። ታሪኩ ያምራል። ሰው ሲሰማው ዐይኑ እንባ ያቀርራል፤ ወጣት ጥንዶች አንዳቸው ለሌላቸው ይነግሩታል።

ከእሷ ምንም አልመጣም። የሚልካቸው መልእክቶች መድረሳቸው ይታያል፤ መልስ የላቸውም። አለቃን ሲጠይቃቸው ዐይናቸውን ከእሱ ላይ አንስተው፣ ሾፌሩን አግኝተውት እንደነበር ነገሩት። ደህና ናት አሉት። ትምህርቷን በርትታ ይዛለች፣ አክስቷ ይወዷታል። እዚያ አገር ሰው ሁሉ መኪና ይነዳል፣ እሷም መንጃ ፈቃድ አውጪ ቢሏት "ለእኔ አይሆንም" ብላለች አሉት። ሌላ አልተናገሩም። ሲሙሌተሩን ማጽዳት ቀጠሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ጎሚስታው ወደ አዳራሹ አልወጣም።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ እናቱ የውድድር ልብሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ክርኑ ላይ የተተረተረውን ትጠግንለት ነበር። እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ፊቷን አድምቆታል፤ ካረጀች ወዲህ እንደዚህ ሰሞን ደስተኛ ሆና አታውቅም።

"ያቺን ልጅ ሳልመርቃት የዋልኩበት ቀን የለም" አለች ከመርፌዋ ቀና ሳትል። "አንተ አድርገህላት፣ እሷ አድርጋልህ። እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል? ሁልጊዜ ምን እላለሁ መሰለህ? 'ልጄ ያደረገላትን ያህል፣ የሚገጥማት ሰው ሁሉ እንደዚያው ያድርግላት' እላለሁ።"

ጎሚስታው የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ።

"አሜን በል እንጂ" አለችው እናቱ።

ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ሙሉ እምነት ነበር፤ ጥያቄ የሌለበት፣ ጥርጣሬ ያልነካው። ልጇን አይታ በመኩራት ትንሽ ፈገግ አለች፤ መርፌዋን አየር ላይ አንስታም ጠበቀችው።

"አሜን" አለ።

እናቱ ረክታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እሱም ጎንበስ ብሎ የያዘውን የጫማ ክር ጥብቅ አድርጎ አሰረው።